የእቁብ ጓደኞች ነን፤ ሴት ተማሪዎችን ለመርዳት ድርጅት እናቋቁም ወይስ በሰው እንላክ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የምንኖር 22 ሴቶች ነን። ለዓመታት አብረን እቁብ ጥለናል። አሁን ደግሞ በነፍስ ወከፍ በወር 50 ዶላር ጨምረን በደቡብ ወሎ ገጠር ያሉ ሴት ተማሪዎችን ለመርዳት ተስማምተናል። አንዷ አባላችን በስሟ አካውንት ከፍታ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) እየሰበሰበች ነው። እህቷ እዚያው መምህርት ስለሆነች በእሷ በኩል እንላክ የሚሉ አሉ። ሌሎቹ የራሳችን 501ሲ3 (ከታክስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ካላቋቋምን ሕጋዊ አይደለንም፣ ከታክስም አይቀነስልንም ይላሉ። ሞዴስ ገዝተን በሻንጣ እንላክ ያሉም አሉ። የቱ ይሻላል?»

ከሂሳቡ ልጀምር። 22 ሰው በ50 ዶላር፣ በወር 1,100፣ በዓመት 13,200 ዶላር ይመጣል። ገጠር ላሉ ተማሪዎች ትልቅ ገንዘብ ነው። ድርጅት ለማቆም ግን ትንሽ ነው። ክርክራችሁ ሁሉ እዚህ ላይ ይፈታል።

መጀመሪያ እቁቡን ከዚህ ነገር አውጡት። እቁብ የጣላችሁት ገንዘብ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። ዕጣ የወጣላት ዋስ ትጠራለች፣ ትወስዳለች፣ መጣሏን ትቀጥላለች። ስጦታ ግን አይመለስም። ሁለቱ በአንድ ደብተርና በአንድ ሰብሳቢ እጅ ሲሆኑ የሚጎዳው ስጦታው ነው። አንዷ የእቁብ ስታጣ «ከልጆቹ ላይ ለሁለት ሳምንት እንበደር» ትላለች። ሰብሳቢዋም ይሉኝታ ይዟት እሺ ትላለች። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ይሆናል። በሥራዬ የብዙ ማህበራትን ደብተር አገላብጫለሁ። «በላች» ተብላ የታማች ሴት ባጋጠመችኝ ጊዜ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ችግሩ ሌብነት ሳይሆን የተደባለቀ ሂሳብ ነበር።

ከእቁቡ የምትወስዱት ልምዱን ነው። በቀኑ መክፈል፣ የዘገየችን ሳያፍሩ መጠየቅ፣ ሰው ፊት መቁጠር ታውቁበታላችሁ። አሜሪካኖቹ ጊቪንግ ሰርክል የሚሉት የልግስና ክበብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ፣ ዌንዲ ስቲል የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ2001 ኢምፓክት 100ን ስትጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ 100 ሴቶች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ያዋጣሉ፣ 100,000ው ዶላር ለአንድ ሥራ ይሰጣል፣ እያንዳንዷ አንድ ድምፅ አላት። በ2003 በሳውዝ ካሮላይና የተጀመረው ዳይኒንግ ፎር ዊመን (ዛሬ ቱጌዘር ዊመን ራይዝ ይባላል) ደግሞ ሴቶቹ ምግብ ይዘው አንዷ ቤት ይሰባሰቡና ሬስቶራንት ሊያወጡ የነበረውን ያዋጣሉ። የጽዋ ማህበር ነው፤ ጠላው ብቻ ቀርቷል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ እሱን አትዝለሉት። እነዚህ ክበቦች ሥራውን ራሳቸው አይሠሩም። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት መርጠው ይሰጣሉ፣ ከዚያ ሪፖርት ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ደግሞ የሚሰጡት በሚኖሩበት ከተማ ነው፤ ሄደው ማየት ይችላሉ። እናንተ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ደቡብ ወሎን ማየት አትችሉም። ርቀቱ ሐሳባችሁን አያበላሽም። ግን እዚያ ሆኖ የሚያይላችሁ፣ የሚፈርምና የሚጠየቅ አካል የግድ ይላል።

ያ አካል የአባላችሁ እህት መሆን የለባትም። ይህን ስል እሷን ጠርጥሬ አይደለም። ምን ላይ እንደምትጥሏት እዩት። የአንዲት መምህርት የባንክ ደብተር ላይ ድንገት የብዙ ወር ደመወዟ የሚያህል ብር ይገባል። ወሬው እሷ ከባንኩ ሳትወጣ ሰፈር ይደርሳል። በማግስቱ በሯ ላይ እናቶች ይሰለፋሉ። ለአምስት ልጅ ሰጥታ ስድስተኛዋን ስትመልስ፣ ስድስተኛዋ የባልደረባዋ ልጅ ናት። ርዕሰ መምህሩ በየት በኩል ነው የመጣው ይላል። ወረዳውም ይጠይቃል። ከዓመት በኋላ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው «ለዘመዶቿ ሰጠች» የሚል ወሬ ነው። እሷ እዚያ ትቀራለች፣ ከጎረቤቶቿ ጋር። መምህርቷ ዓይናችሁ ትሁን፤ ኪሳችሁ አትሁን። የትኛዋ ልጅ ከትምህርት እንደቀረች፣ የትኛው ቤት ሽማግሌ እንደተላከ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ለዚህ እውቀቷ ብር መያዝ አያስፈልጋትም።

ታክሱ ላይ ሁለታችሁም ወገን ተሳስታችኋል። ሕጋዊ ለመሆን 501ሲ3 መሆን አይጠበቅባችሁም። ሰዎች ተሰብስበው ገንዘብ ቢያዋጡና ቢሰጡ የሚከለክል ሕግ የለም። ከታክስ የሚቀነሰው ግን አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ለሚያውቀው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጣችሁት ብቻ ነው። ለግለሰብ፣ ስሟ ለተጠቀሰ ልጅ ወይም በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ድርጅት የላካችሁት አይቀነስም። የአሜሪካው ድርጅት እንዲሁ ገንዘብ አስተላላፊ ከሆነም አይሠራም። ድርጅቱ በገንዘቡ ላይ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። «ለእከሊት ልጅ ስጡልን» ብላችሁ ማዘዝ አትችሉም። «በዚህ ወረዳ ለሴት ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ ይዋል» ማለት ግን ትችላላችሁ።

ለመሆኑ የሚቀነሰው ስንት ነው? እያንዳንዳችሁ በዓመት 600 ዶላር ትሰጣላችሁ። ለ2025 የታክስ ዓመት መደበኛው ተቀናሽ (ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) ላላገባ 15,750፣ ለባልና ሚስት በጋራ 31,500 ዶላር ነው። ወጪያቸውን ዘርዝረው የማይቀንሱ ሰዎች፣ ማለትም ብዙዎቻችሁ፣ በዚያ ዓመት ከስጦታው ምንም አያገኙም። ከ2026 ጀምሮ ተቀይሯል። ዘርዝሮ የማይቀንስ ሰው በጥሬ ገንዘብ፣ በቼክ ወይም በካርድ ከሰጠው እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት በጋራ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላሉ። 12 በመቶ የታክስ እርከን ላይ ላለች ሴት 600 ዶላሩ 72 ዶላር ያስቀርላታል። ጥሩ ነው። ለ72 ዶላር ብሎ ግን ድርጅት አይቋቋምም።

የራስ ድርጅት ማቋቋም ራሱ ያን ያህል ውድ አይደለም። አጭሩ ቅጽ፣ 1023-ኢዜድ የሚባለው፣ 275 ዶላር ነው። ዓመታዊ ገቢያችሁ 50,000 ዶላር የማይደርስ ከሆነ በሱ ማመልከት ትችላላችሁ። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቦርድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የግዛት ምዝገባ፣ በየዓመቱ ለአይአርኤስ የሚላክ ማሳወቂያ። ማሳወቂያውን ሦስት ዓመት በተከታታይ ከረሳችሁ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል። ይህ ደግሞ በብዛት የሚደርስ ነገር ነው፤ ጸሐፊዋ ትወልዳለች ወይም ዳላስ ትገባለች፣ ፓስወርዱም አብሯት ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ሁለት ግዛት ላይ ናችሁ። ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሜሪላንድ ውስጥ ጉዳዩ የሚታየው በሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት። አዎ፣ በግብርና።

ሌላው መንገድ በአንድ ፋውንዴሽን ሥር ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ የሚባለውን መክፈት ነው። ገንዘቡ ፋውንዴሽኑ ጋ ይቀመጣል፣ እናንተ ለማን ይሰጥ የሚል ሐሳብ ታቀርባላችሁ። በከተማችሁ ላለ የሴቶች ፕሮግራም ለመስጠት ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን ሦስት እንቅፋት አለው። ከዚህ ፈንድ ለግለሰብ መስጠት አይቻልም። ውጭ አገር ላለ ድርጅት ለመላክ ተጨማሪ ማጣሪያ ስለሚፈልግ ለትንሽ ገንዘብ ብዙዎቹ አይደክሙበትም። ቅድም ያልኩት የ2026ቱ ተቀናሽም ለዚህ ዓይነት ፈንድ አይሠራም።

የቀረው እኔ የምመክራችሁ ነው፦ ቀድሞ በቆመ ድርጅት ጥላ ሥር መግባት። ይህን ፊስካል ስፖንሰር ይሉታል። 501ሲ3 ፈቃድ ያለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ሥራ ያለው የአሜሪካ ድርጅት ፈልጉ። በስማችሁ የተለየ ፈንድ ይክፈትላችሁ። ሂሳብ ይይዛል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ገንዘብ በሕጉ መሠረት ይልካል። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። 10 ቢሆን እንኳ ከ13,200ው ላይ 1,320 ዶላር ነው። «ለምን ከልጆቹ ላይ ይቆረጣል» የምትል አትጠፋም። የሂሳብ፣ የደረሰኝና የግብር ሥራ በነፃ የሚሠራ ሰው ካገኘች ታምጣልን በሏት። እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ከተመሠረቱት የሴቶች ክበቦች ሬይንሜከርስና የአፍሪካ አሜሪካውያን ሴቶች ክበብ የራሳቸውን ድርጅት ሳያቆሙ በዋሽንግተን ኤሪያ ዊመንስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ነው የሠሩት።

ድርጅቱን ከመምረጣችሁ በፊት ስሙን በአይአርኤስ የድርጅቶች መፈለጊያ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፈቃዱ መኖሩን አረጋግጡ። ከተስማማችሁ በኋላ እያንዳንዳችሁ በቀጥታ ለድርጅቱ ክፈሉ። አንዷ ሰብስባ በአንድ ቼክ ከላከች ደረሰኙ በእሷ ስም ይመጣል፣ ሌሎቻችሁ ማስረጃ አይኖራችሁም። ወርሃዊው 50 ዶላር ከሆነ የባንክ መግለጫ ይበቃል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠች ግን ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለባት። መሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኞቹ ለሰጡት ስጦታ እኩል የሚጨምር ከሆነም ይህ መንገድ ይጠቅማችኋል፤ ለግል አካውንት ማንም አይጨምርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራላችሁ አጋር በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ይሁን። «ከውጭ ገንዘብ የሚቀበል በሴቶች መብት ላይ አይሠራም» የሚል ነገር ሰምታችሁ ከሆነ ያ የድሮው አዋጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት ከመብት ሥራ አግዶ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበርን የመሰለ ድርጅት በዚያ ክፉኛ ተጎድቷል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን አንስቷል። አዲሱ ሕግ አስተዳደራዊ ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል፤ ስለዚህ የምዝገባ ሰርተፊኬትና የኦዲት ሪፖርት ስትጠይቁ ይህንንም ጠይቁ። ገንዘቡ በባንክ ይሂድ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የባንኩ ዋጋ እንደ ድሮው አያስቆጭም። በጥቁር ገበያ የላካችሁት ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

አሁን ወደ ልጆቹ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስብሰባዎች ሁሉ ስለ አካውንት ሲጨቃጨቁ ይመሻሉ እንጂ ልጅቷ ምን እንደቸገራት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሞዴሱን በሻንጣ አትላኩ። አንድ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ቸርነት የተላከ ካርቶን አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አይቻለሁ። ግማሹ አልተከፈተም። ከግቢው ጀርባ ያለው የሴቶች ሽንት ቤት በር አልነበረውም፣ ውኃም አልነበረም። አንዲት ልጅ የት ገብታ ትቀይረው? የሚጣለው ሞዴስ በወሩ ያልቃል፣ የተጣለውም መጣያ ይፈልጋል። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ፋብሪካ አቁማ የምታመርተው ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው በዚህ ሥራዋ ነው። እሷ ንጽሕና መጠበቂያውን ብቻ አላደለችም። ዲግኒቲ ፔሪየድ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆና ለሴቶቹም ለወንዶቹም ተማሪዎች ስለ ወር አበባ ትምህርት ትሰጣለች። ገንዘባችሁን በዚህ ላይ ማዋል ከፈለጋችሁ አገር ውስጥ የተሠራውን ግዙ፣ ከዚያ በፊት ግን በሩን አሠሩ።

ገንዘባችሁ የበለጠ የሚሠራበት ቦታ ሌላ ነው። የገጠር ልጅ 8ኛ ክፍልን በቀበሌዋ ትጨርሳለች። ሁለተኛ ደረጃው ከተማ ነው። ብዙዎቹ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከሰዓት ወደ ቤት በእግር፣ እሑድ ደግሞ ስንቅ ይዘው ወደ ከተማ። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሽሮ በፌስታል ቋጥረው። ስንቁ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ያልቃል። አከራዩ ኪራይ ሲጠይቅ፣ አባት «ዘንድሮ አልሆነም፣ ትመለስ» ይላል። ከተመለሰች ደግሞ ቤት የሚጠብቃት ሽማግሌ ነው። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። የክፍል ኪራይ፣ ፍራሽ፣ የበር ቁልፍና የወር ስንቅ ማሟያ ማለት እዚህ ላይ ጋብቻ ማዘግየት ማለት ነው።

ስለ ዕድሜያቸው አንድ ማስጠንቀቂያ። ባሕር ዳር አካባቢ ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ለልጆቹ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣል፣ ሴቶቹ በቡድን ይገናኛሉ፣ ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመቱን ለጨረሰ ቤተሰብ ፍየል ይሰጠዋል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ውጤቱ ከፍተኛ ነበር፤ የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰባት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አስረኛ ወርዷል። 15 የሞላቸው ላይ ግን አልሠራም፤ እንዲያውም ማግባታቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ 9ኛ ክፍል ከተማ እስክትመጣ አትጠብቁ። ከ7ኛ ክፍል ያዟት፣ ከዚያ ወደ ከተማ ተከተሏት።

ይህ ማለት ለአንዲት ልጅ ስድስት ዓመት ቃል ትገባላችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የተዋጣውን ሁሉ አትስጡ። ግማሹን አስቀምጡት። አምስት ሴቶች ቢወጡ፣ አንዷ ሥራ ብታጣ፣ 10ኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ መንገድ ላይ እንዳትቀር ነው። 40 ልጅ ጀምሮ በሦስተኛው ዓመት ከመበተን 12 ልጅ ማድረስ ይሻላል። በስብሰባ ላይ ይህ ሐሳብ ተወዳጅ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ቁጥር ስናበዛ ልባችን ይሞቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ አታድርጉ። የልጆቹን ፎቶ ለፌስቡክና ለቲክቶክ አትጠይቁ። የተረዳች ልጅ ከነስሟ በስልክ ስትዞር ሰፈሯ ይደርሳል፣ ለሷም አይበጅም። ሪፖርት ስንት ልጅ ጀመረች፣ ስንት ቀረች፣ ለምን የሚል ይሁን። እንዲሁም በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ትምህርት ቤቱ ክፍት መሆኑን፣ ልጆቹ ከተማ መቀመጥ የሚያሰጋቸው መሆን አለመሆኑን መምህርቷ ሳታረጋግጥ ገንዘብ አይሂድ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚውን ማን እንደሚቆጥረው ግን ተረቱ አይናገርም፤ እናንተ ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ትወስናለች? አንድ ሴት አንድ ድምፅ፣ ከ50 ዶላሩ ያነሰ የምትከፍል ብትኖርም እኩል። የወጣች ሴት የሰጠችው አይመለስም። የአባል ዘመድ በሆነች ልጅ ወይም አጋር ላይ ድምፅ ሲሰጥ ያቺ አባል ከክፍሉ ትወጣለች። ሂሳብ ያዧ በየዓመቱ ትቀየራለች። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሥሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተበተናችሁና ገቢያችሁ ካደገ የራሳችሁን ድርጅት ያኔ ታስቡበታላችሁ።

የግል አካውንቱን ግን ጥላ የሚሆናችሁን ድርጅት እስክታገኙ እንዳታቆዩት። አባላችሁ ብትታመም፣ ብትፋታ ወይም ዕዳ ቢኖርባት ገንዘቡ የእሷ ነው የሚባለው፤ የናንተ መሆኑን የሚያሳይ ምንም የለም። የማህበር የግብር መለያ ቁጥር ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። በዚያ ቁጥርና በአንዷ ገጽ ስምምነታችሁ በማህበሩ ስም አካውንት የሚከፍትላችሁን ባንክ ጠይቁ። ሁለት ፈራሚዎች ይኑሩት፤ አንዷ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዷ የአሌክሳንድሪያ። በዜል የተሰበሰበው በሙሉ በዚህ ወር ወደዚያ ይዛወር።